የብድር ባለሙያ ሥልጠና፦ ከሱቅ መደርደሪያ እስከ ሐዋላ ደረሰኝ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የብድር ባለሙያ ፊት ቀርበው አያውቁም። እርሱ ግን በስም ሊያውቃቸው ይችላል። እናት በወረዳ ከተማ የምትነግድበትን ሱቅ ለማስፋት ብድር ስትጠይቅ፣ ወንድም ባጃጅ ለመግዛት ሲያመለክት፣ «ሌላ ገቢ አላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጄ ዓረብ አገር ናት» ወይም «እኅቴ ትልካለች» የሚል ነው። ይህች አጭር መልስ በብድር ማመልከቻው ላይ እንዴት ትሰላ? ሙሉ በሙሉ ትቆጠር፣ በግማሽ ትቆጠር ወይስ ጭራሽ ትተው? ጥያቄው ለጀማሪ የብድር ባለሙያ ከሚሰጡት ፈተናዎች አንዱ ነው፤ በስህተት ከተመለሰ ዋጋውን የሚከፍለው ባለሙያው ብቻ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የብድር ባለሙያ በኢትዮጵያ እንዴት እንደሚሠለጥንና ምን ማየት እንደሚማር ያስረዳል። ወደ አገር ሲመለሱ ሙያውን ለራሳቸው ወይም ትምህርት ለጨረሰ ታናሽ ወንድምና እኅት የሚያስቡ አንባቢያን አሉ። ከእነርሱም የሚበዙት በሚልኩት ገንዘብ ምክንያት የቤተሰብ ብድር በተዘዋዋሪ የቆመባቸው ናቸው። የባለሙያውን አስተያየት ማወቅ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ወደ ሙያው መግቢያ

በኢትዮጵያ የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ሥራ በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ሲሆን፣ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 626 ተተክቷል። በነዚህ ዓመታት ያደጉት ትልልቆቹ የክልል ተቋማት ዛሬ ባንክ ሆነዋል፤ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ደግሞ ስንቄ ባንክ ተብሏል። ለውጡ ለሙያው ትርጉም አለው። ትናንት ለጎረቤታሞች ቡድን ጥቂት ሺህ ብር ሲያበድር የነበረ ሠራተኛ ዛሬ የንግድ ድርጅትን የሒሳብ መግለጫ እንዲያነብ ይጠበቅበታል።

ባንኮች በተለምዶ የሚቀጥሩት በሒሳብ አያያዝ፣ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በባንክና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ነው። በአነስተኛ ብድር ተቋማት፣ በተለይም ከከተማ በራቁ ቅርንጫፎች፣ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ደረጃውን አጠናቆ የብቃት ማረጋገጫ ምዘናውን ያለፈም ዕድል አለው። የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይኖራል። ከዚያም ብዙ ቀጣሪዎች የሥራ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠይቁታል፤ ወደፊት ሌሎችን «ዋስ አምጡ» የሚለው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ራሱ ዋስ ፈልጎ ነው። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2019 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

የክፍል ውስጥ ሥልጠናው አጭር ነው። የተቋሙ የብድር ፖሊሲ፣ የውል ሕግ መሠረተ ሐሳብ፣ የሒሳብ መዝገብ አነባበብ፣ ሕገ ወጥ ገንዘብን የመከላከል ደንብ፣ የደንበኛ ምስጢር አጠባበቅ፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱ አጠቃቀም ይሰጣል። በተጨማሪም በየትኛውም አገር የሚማሩት አምስት የብድር መመዘኛዎች አሉ፦ የተበዳሪው ጠባይ፣ የመክፈል አቅሙ፣ ከራሱ ያዋጣው ካፒታል፣ የሚያቀርበው መያዣና የአካባቢው ሁኔታ። ሠልጣኙ እነዚህን በአንድ ቀን ሊሸመድዳቸው ይችላል። ትክክለኛው ሥልጠና የሚጀምረው ከነባር ባለሙያ ጋር ተጣምሮ ወደ ደንበኛው ቤትና ሱቅ ሲወጣ ነው፤ ይህም ወራት ይፈጃል።

መዝገብ የሌለውን ገቢ ማንበብ

እዚህ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የግል ብድር የሚገመግም የባንክ ሠራተኛ ሥራውን የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይቀርብለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአል ኢቲሐድ የብድር መረጃ ቢሮም ለእያንዳንዱ ተበዳሪ ከ300 እስከ 900 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል። ጣሪያውንም ማዕከላዊ ባንኩ ወስኖለታል፦ የግል ብድር ከወር ደመወዝ 20 እጥፍ አይበልጥም፤ በ48 ወራት ውስጥ መከፈል አለበት፤ የተበዳሪው ወርሃዊ የዕዳ ክፍያ ሁሉ ተደምሮ ከገቢው ግማሽ ማለፍ የለበትም። ሠራተኛው ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሆንም የሚሳሳትበት ሜዳ ጠባብ ነው።

በኢትዮጵያ ወረዳ ከተማ ያለው ባልደረባው ሜዳ ሰፊ ነው። ደንበኛው ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ የዕለት ሽያጭ መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ለግብር የሚነገረው ገቢና ለብድር የሚነገረው ገቢም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ያንሳል፣ ሁለተኛው ይበዛል። ስለዚህ ሠልጣኙ አንድን ነገር በሦስት መንገድ መጠየቅን ይማራል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላት እንበል። 120,000 ብር ለአንድ ዓመት መበደር ትፈልጋለች። «በቀን 6,000 ብር እሸጣለሁ» ትላለች። ሠልጣኙ ቁጥሩን ጽፎ ዝም አይልም። የትናንቱ ሽያጭ ስንት ነበር? ገበያ በዋለበት ቀንስ? ዝናብ በዋለበትና ሰው ባልመጣበት ቀንስ? ስኳርና ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የገዛችው መቼ ነው፣ ስንት ከፈለች፣ አሁን ስንት ቀርቷታል? ስኳሩ በሳምንት የሚያልቅ ከሆነና የገዛችው ብዛት ከታወቀ፣ የሽያጩ መጠን ከቃሏ ሳይሆን ከመደርደሪያው ይወጣል። ነባር ባለሙያዎች ለአዲሶች አዘውትረው የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ በዕቃው ላይ ያረፈውን አቧራ። የፊት ረድፉ ንጹሕ፣ የኋላው አቧራ የጠጣ ከሆነ ካፒታሉ ታስሯል ማለት ነው።

ቁጥሩ እውነት ሆኖ ተገኘ እንበል። በወር 26 ቀን ብትሠራ ሽያጩ 156,000 ብር ይሆናል። እናትየዋ በአእምሮዋ የያዘችው ይህንን ነው፤ 156,000 የሚያልፍበት እጅ በወር 11,500 መክፈል አያቅተውም ብላ ታስባለች። ሠልጣኙ ግን ትርፉን ይፈልጋል። በእንዲህ ዓይነት ንግድ ከመቶው 15 ቢተርፍ 23,400 ብር ነው። ከዚያ የሱቅ ኪራይ 6,000፣ የመብራት፣ የማጓጓዣና የረዳት ወጪ 3,000 ሲነሣ 14,400 ይቀራል። የቤተሰቡ ቀለብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ወጪ 8,000 ነው፤ 6,400 ቀረ። ሳምንታዊ 500 ብር እቁብ አለባት፤ በወር 2,000። የቀረው 4,400 ብር ነው።

እቁቡን የረሳ ሠልጣኝ በተግባር ትምህርት ላይ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ይህም ትክክል ይመስለኛል። ሰው ከባንክ ክፍያው ይልቅ እቁቡን ቀድሞ ይከፍላል። የእቁብ ሰብሳቢው ጎረቤቱ ነው፤ ባንኩ ግን ዋና መንገድ ላይ ነው። በሌላ በኩል፣ ዓመታት ሳያቋርጡ እቁብ የጣሉ ሰው ስለ ጠባያቸው የሚመሰክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ እቁቡ ከወጪው ጎን ይጻፋል፣ ከጠባይ መመዘኛውም ጎን ይጻፋል።

ከ4,400ው ሢሶው ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለዋጋ ንረት ተብሎ ይተዋል። ለብድር ክፍያ የሚውለው 2,900 ብር ገደማ ነው። የተጠየቀው 120,000 ብር በ12 ወር ሲመለስ ዋናው ብቻ በወር 10,000 ይሆናል። መልሱ ከዚህ በላይ ስሌት አይፈልግም።

ልጄ ዓረብ አገር ናት

አሁን እናትየዋ ትናገራለች፤ ልጇ በየወሩ 12,000 ብር ትልክላታለች። 4,400 ላይ 12,000 ሲደመር 16,400 ይሆናል። 11,500 ብር የነበረው የማይቻል ክፍያ በአንዲት ዐረፍተ ነገር የሚቻል ሆነ። ደካማ ባለሙያ እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጋል፤ ኮሚቴውም ያጸድቃል።

በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ግን ጥያቄውን ይቀጥላል። ገንዘቡ የሚመጣው በባንክ ነው ወይስ በሰው እጅ? በባንክ ከመጣ የደረሰኙ ተከታታይነት ይታያል፤ በየወሩ ነው ወይስ በበዓላት ሰሞን ብቻ? ስድስት ወር ሳይቋረጥ የመጣ ገንዘብና ሁለት ጊዜ በትልቁ የመጣ ገንዘብ ድምራቸው እኩል ቢሆንም ክብደታቸው አይተካከልም። ልጅቷ የሄደችው መቼ ነው? በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ ውል በአብዛኛው የሁለት ዓመት ነው። ልጅቷ 20 ወር ሠርታ ከሆነ ውሏ ሊያልቅ 4 ወር ቀርቶታል። ብድሩ ግን የ12 ወር ነው። ከ12ቱ ክፍያዎች 8ቱ የሚደርሱት ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። ታድሳለች? ትመለሳለች? አሠሪ ትቀይራለች? እናትየዋ የዚህን መልስ አታውቀውም፤ ልጅቷም ራሷ ገና አልወሰነች ይሆናል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የተላከው ገንዘብ የማን ነው? ብዙ ሴቶች ለእናታቸው የሚልኩት ግማሹ ለቤት ወጪ፣ ግማሹ «አስቀምጪልኝ» ተብሎ ነው። እናት ከዚያ ላይ የብድር ክፍያ ብትከፍል የልጇን ጥሪት እየከፈለች ነው፤ ተቋሙም ሳያውቅ ተባባሪ ሆኗል። ከዓመታት ድካም በኋላ የተመለሰች ሴት ያጠራቀመችው የሱቅ መደርደሪያ ሆኖ ቢጠብቃት የሚፈጠረውን ቅያሜ ለአንባቢያን ማስረዳት አያስፈልግም። ሠልጣኙ ይህንን የሚያጣራበት ምቹ ቅጽ የለውም። እናቲቱን ፊት ለፊት መጠየቅ፣ ሲያስፈልግም በእርሷ ፈቃድ ልጅቷን በስልክ ማነጋገር አለበት።

ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ብድሩን በሱቁ አቅም ላይ ብቻ ያቆመዋል። በ2,900 ብር አቅም፣ ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ቢሆን፣ 30,000 ብር ይቻላል፤ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከነወለዱ 2,875 ብር ነው። ይህ በሰዓቱ ከተመለሰ ቀጣዩ ብድር ያድጋል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ እንደ መጠባበቂያ በማስታወሻ ይጻፋል፤ ክፍያው ግን አይንጠለጠልበትም። እናትየዋ በዚህ ውሳኔ ቅር ልትሰኝ ትችላለች። ሠልጣኙ 120,000 የጠየቀችን ሴት 30,000 ይዛ በክብር እንድትወጣ ማድረግን መማር አለበት፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁትም በስሌቱ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

የቡድን ብድር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጎረቤትን ይነካል። ባንግላዴሽ ውስጥ በሙሐመድ ዩኑስ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1983 ባንክ የሆነው ግራሚን አምስት አምስት ሰዎችን በቡድን በማደራጀት ታውቋል። የኢትዮጵያ ተቋማትም ከዚህ ልምድ ወስደዋል። የቡድኑ አባላት አንዱ ለሌላው ዋስ ናቸው። የአንዷ ክፍያ በሪያድ ወይም በቤይሩት ባለ የሥራ ውል ላይ የቆመ ከሆነ፣ ውሉ ሲቋረጥ ክፍያው በጎረቤቶቿ ላይ ይወርዳል።

ወለድ፣ ፋኢዳና ሙራበሐ

ሠልጣኙ ለደንበኛው በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ካለበት ነገር ሁሉ በቅድሚያ የሚመጣው ወለድ የሚሰላበት መንገድ ነው። ያው 120,000 ብር፣ ያው ከመቶ 15፣ ያው 12 ወር። ወለዱ በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ እስከ መጨረሻው ከተሰላ ክፍያው በየወሩ 11,500 ብር ሆኖ ይቀጥላል፤ የዓመቱ ወለድ 18,000 ብር ይሆናል። በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከተሰላ ግን የመጀመሪያው ወር 11,500፣ የመጨረሻው ወር 10,125 ይሆናል፤ ጠቅላላ ወለዱም 9,750 ብር ነው። በማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «ከመቶ 15» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ልዩነቱን ሳይነግር የሚያስፈርም ባለሙያ ሕግ አልጣሰም ይሆናል፤ ሥራውን ግን አልሠራም።

በዐረብኛ ወለድ «ፋኢዳ» ይባላል፤ ከአማርኛው «ፋይዳ» ጋር አንድ ሥር ነው። አንዱ ቃል በአንደኛው ቋንቋ ጥቅምን፣ በሌላው ጥቅምንም የብድር ዋጋንም ያመለክታል። እኔን መሰል ተርጓሚ እንዲህ ባለ ቃል ላይ ረጅም ጊዜ ይቆማል።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ ለማይፈልጉ ደንበኞች ሌላ ዓይነት ሥልጠና አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች በልዩ መስኮት ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በዚህ ዘርፍ ያለ ባለሙያ ሙራበሐን፣ ኢጃራንና ሙሻረካን ለይቶ ማወቅ አለበት። ሙራበሐን ብንወስድ ባንኩ ደንበኛው የፈለገውን ዕቃ በራሱ ስም ይገዛል፣ የራሱ ያደርገዋል፣ ከዚያም ትርፉን ገልጾ በዱቤ ይሸጥለታል። የጀማሪዎች ዋነኛ ስህተት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ደንበኛው ዕቃውን አስቀድሞ ገዝቶ ደረሰኙን ይዞ ከመጣ ባንኩ የሚሸጥለት ነገር የለም፤ ውሉ ስሙን ብቻ የያዘ ብድር ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የሚሠለጥን ሰው ቀንና ሰዓትን፣ የፊርማ ተራን አጥብቆ መቆጣጠርን ይማራል።

በባሕረ ሰላጤው ለሚኖሩ አንባቢያን የተሻለ ዕድል ያለው በዚህ ዘርፍ ይመስለኛል። የዘርፉን የሒሳብና የሸሪዓ ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት መቀመጫው ባሕሬን ነው፤ ሰነዶቹ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይገኛሉ፤ የሙያ ፈተናዎችም ይሰጣል። ዐረብኛን በሥራ ቦታ የተማረና በትርፍ ጊዜው ሒሳብ አያያዝ ያጠና ሰው አገር ቤት ካለው ተወዳዳሪ የሚበልጥበት ነገር አለ። በቤት ሠራተኝነት ወይም በሹፌርነት ያሳለፉት ዓመታት ግን በሥራ ማስታወቂያ ላይ እንደ ሙያ ልምድ አይቆጠሩም፤ የትምህርት ማስረጃው የግድ ነው። ይህንን ሳያውቁ ተመልሰው የተቸገሩ አሉና አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

መያዣ፣ ዋስና ውክልና

ሠልጣኞች መያዣን በፍቅር ይወዱታል፤ ካርታና ሊብሬ በእጅ ሲያዝ ልብ ይረጋል። ነባሮቹ ይህንን ፍቅር ቶሎ ሊያስጥሏቸው ይጥራሉ። መያዣ ብድሩን አይከፍልም፤ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣነት የተመዘገበለትን ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች ይህንን የሚያውቁት ማስታወቂያው በራቸው ላይ ሲለጠፍ ነው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትም፣ ማሽን፣ ከብትና የሱቅ ዕቃ ሳይቀር፣ በመያዣነት መመዝገብ ይችላል። ለቤት አልባው በር ተከፍቶለታል፤ ለባለሙያው ግን ግምት የሚጠይቅ አዲስ ሥራ ጨምሮበታል።

የጋብቻ ማስረጃ ለምን እንደሚጠየቅ የሚገረሙ አሉ። በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደርም ሆነ ለዚህ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ሕጉ በወጣበት በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 500 ብር ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ዛሬ የሳምንት እቁብ ነው። ባል አገር ቤት፣ ሚስት ኩዌት ከሆነች ፊርማዋ ከኩዌት መምጣት አለበት። ይህንን በቸልታ ያለፈ ባለሙያ ያዘጋጀው ውል በኋላ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንዲት እኅት በዐረብኛ የተጻፈ የዋስትና ሰነድ እንድተረጉምላት አመጣች። የፈረመችው ቀደም ብላ ነበር፤ ያስፈረማት ሠራተኛ አላስረዳትም። በሰነዱ ላይ ከስሟ ጎን «ከፊል» የሚል ቃል አለ። በዚህ አገር ከፊል ማለት ለእርሷ የመኖሪያ ፈቃዷን የያዘ አሠሪ ነው፤ ወረቀቱም ስለ አሠሪዋ የሚናገር መስሏት ነበር። በብድር ሰነድ ላይ ግን ከፊል ዋስ ማለት ነው፤ ተበዳሪው ካልከፈለ የሚከፍል ሰው። ተበዳሪዋ ጓደኛዋ ነበረች፤ አገር ለቅቃለች። በአማርኛ «ከፊል» ስንል ግማሽ ነገር ማለታችን ነው፤ በዚያ ወረቀት ላይ የነበረችው ከፊል ግን ሙሉውን ዕዳ ተሸክማ ነበር። ተርጓሚ ቃሉን ሊያቀና ይችላል፤ ፊርማውን ግን አይፍቅም።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ አንድ መከላከያ አስቀምጧል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስ የሚሆነው ሰው እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ሠልጣኙ ይህንን ቁጥር ባዶ ትቶ ማስፈረም እንደማይችል ይማራል፤ ዋስ የሚሆነውም ሰው ቁጥሩ ተጽፎ ሳያይ መፈረም የለበትም።

ውክልናም እንዲሁ ነው። ወደ ውጭ ስትወጡ ለእናት ወይም ለወንድም ጠቅላላ ውክልና ሰጥታችሁ ይሆናል። ያ ውክልና ቤታችሁን ለመጠበቅና ለማከራየት ያገለግላል። ቤቱን በዕዳ ለማስያዝ ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት። የሠለጠነ ባለሙያ ጠቅላላ ውክልና ይዞ «የእኅቴን ቤት አስይዙልኝ» የሚለውን ሰው ይመልሳል። ባለቤቷ ያላወቀችው ቤት በሐራጅ እንዳይወጣ የሚያደርገው መጀመሪያ ሕጉ፣ ቀጥሎም ሕጉን ያነበበው ጀማሪ ሠራተኛ ነው።

ብድሩ ከተሰጠ በኋላ

ሥራው በፊርማ አያበቃም። ገንዘቡ ለታለመለት መዋሉን ለማየት ባለሙያው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሄዳል፤ ለዕቃ የተወሰደው ብድር ሠርግ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ክፍያ በዘገየበት በመጀመሪያው ቀን መደወልን ይማራል፤ ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ብድር በአነስተኛ ብድር ተቋማት የባለሙያው የራሱ ነጥብ ነው፤ በባንኮችም ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በተበላሸ ብድርነት ይመደባል።

በዚህ ሙያ ላይ ያለው ጫና የሚነገረውን ያህል አይደለም፤ ይበልጣል። ቅርንጫፉ በወር ይህን ያህል ብድር ስጥ ይለዋል፤ የአገሩ ልጅ «አንተ እያለህ» ይለዋል፤ አንዳንዱም ከሚወጣው ብድር ላይ ድርሻ ያሳየዋል። ቁጥርን ብቻ ማሳደድ የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ታይቷል። ብዙ ተቋማት ለአንድ ቤተሰብ ተደራርበው አበደሩ፤ ክፍያ ማስፈራሪያ ሆነ፤ የክልሉ መንግሥት ሥራውን በአዋጅ ሲገታ ብድር መመለስ ቆመ። አንዳንዴ ጫናው በተቃራኒው ይመጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2023 የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከመቶ 14 እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ሁሉን ያሟላ ደንበኛ ፊት ቆሞ «ይጠብቁ» ማለት የባለሙያው ሥራ ሆነ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ በዚያ ወቅት የተመለሱት ደንበኞች ፊታቸውን የሚያስታውሱት መመሪያውን ያወጡትን ሳይሆን የመስኮቱን ሰው ነው።

ከአገር ቤት «ብድር ልንወስድ ነው» የሚል ስልክ ለሚደርሳቸው አንባቢያን፣ ባለሙያው ይደውላል ብሎ መዘጋጀት ይጠቅማል። የሚጠይቀው ውላችሁ መቼ እንደሚያልቅ፣ በየወሩ ስንት እንደምትልኩና ከዚያ ውስጥ የራሳችሁ ቁጠባ የቱ እንደሆነ ነው። ከእናት ጋር በዚህ ላይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የምትልኩት ለወጪና ለቁጠባ የሚሆን ከሆነም ቁጠባውን በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ አድርጉት። ልዩ ውክልና የምትሰጡ ከሆነ በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ፊት ስትፈርሙ ቤቱ በካርታ ቁጥሩ፣ ብድሩም በብር መጠኑ እንዲጻፍ ጠይቁ።